ስፖርት ሲሠሩ የደም ግፊትን የሚያናጉ ስህተቶች

ሲሮጡ የላይኛው ግፊት ከ120 ተነስቶ 160 ወይም 180 ቢደርስ በሽታ አይደለም። ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ የሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም በከባድ ሩጫ ወደ 20 ሊትር ያድጋል። የሚሠሩት ጡንቻዎች የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግን የታችኛው ግፊት ባለበት ይቆያል ወይም በጥቂቱ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ላይ ችግሩ የሚመጣው በአብዛኛው ከሩጫው ሳይሆን በድንገት ከመቆም፣ ትንፋሽ ከማፈንና ከመሳሰሉት ነው።

ሩጫ ጨርሶ ቀጥ ብሎ መቆም። በየእርምጃው የባት ጡንቻ ሲኮማተር እግር ውስጥ ያለውን ደም ወደ ልብ ይገፋዋል። ድንገት ሲቆሙ ግፊያው ይቋረጣል፤ የሰፉት የደም ሥሮች ግን ወዲያው አይጠቡም። ደም እግር ላይ ይከማቻል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ብዥ ይላል። በረጅም ሩጫ ከሚዝለፈለፉት አብዛኞቹ የሚወድቁት የመጨረሻውን መስመር ካለፉ በኋላ መሆኑ ከዚህ የተነሳ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእርጋታ ይራመዱ። የተዝለፈለፈን ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው፤ በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት። እየሮጠ ሳለ የወደቀ ወይም ቶሎ ያልነቃ ሰው ግን ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ትንፋሽ አፍኖ ብረት ማንሳት። የታፈነው አየር ደረት ውስጥ ያለውን ግፊት ያንረዋል፤ የተወጠረው ጡንቻም የደም ሥሮችን ይጨፈልቃል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ በእግር ከባድ ክብደት በሚገፉ ስፖርተኞች ደም ቅዳ ውስጥ በቀጥታ የተለካው ግፊት በአማካይ 320 በ250 ደርሷል። ትንፋሹ ሲለቀቅ ደግሞ ግፊቱ በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ ብረቱን እንዳስቀመጡ የሚያዞራቸው ለዚህ ነው። ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲያወርዱ ያስገቡ። ግፊት ያለበት ሰው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊደጋግመው የሚችለውን ቀላል ክብደት ይምረጥ፤ ጉልበቱ እስኪሟጠጥም አይታገል።

አንገት ተጭኖ የልብ ምት መቁጠር። ከመንጋጋ ማዕዘን ሥር፣ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። ሲጫኗቸው «ግፊት ጨምሯል» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ፤ አንጎልም ልብን ያዘገያል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ መያዝማ ፈጽሞ አይገባም። በሁለት ጣት የእጅ አንጓን ከአውራ ጣት በታች ይዘው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ።

ከስፖርት እንደወጡ መለካት። መጀመሪያ ከፍ ያለ፣ ከዚያም ለጥቂት ሰዓታት ከወትሮው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛሉ። «ወረደልኝ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው 5 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ፣ ክንድዎን በልብ ትይዩ አሳርፈው ይለኩ።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለማገናዘብ። አቴኖሎል የተባለው የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚገታ ሰዓትዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር ድካምዎን አያሳይም፤ እየሠሩ ማውራት መቻልዎን መለኪያ ያድርጉ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ካላበው በኋላ በቀጥታ ስቲም አይግባ፤ ሙቀቱ የደም ሥሮችን ይበልጥ አስፍቶ ሊጥለው ይችላል። በእረፍት ላይ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ካነበቡ የዕለቱን ስፖርት ትተው ሐኪም ያማክሩ፤ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን ድካም ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።