ጃንሆይ የወጡባት መርከብ ምን ቀለም ነበረች? የጦርነት ጊዜ መርከብ ቀለም እንዴት እንደሚጣራ

የካቲት 6 ቀን 1937 (በፈረንጅ 1945) ጃንሆይ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያገኙት ግብፅ፣ ግሬት ቢተር ሌክ ላይ ቆማ በነበረችው ኩዊንሲ በምትባል የአሜሪካ ጦር መርከብ ነው። ፎቶውን ብዙዎቻችን አይተነዋል፣ ጥቁርና ነጭ ነው። "ግራጫ ናት በቃ" የሚል አይጠፋም፣ ግን ግራጫው ስንት አይነት እንደሆነ ብታውቁ!

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ። የትኛዋ መርከብ፣ በየትኛው ወር? ሚዙሪ የምትባለው የአሜሪካ ጦር መርከብ ለምሳሌ በ1944 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሜዠር 32 የሚባለውን ዥጉርጉር ካሞፍላጅ ለብሳ ነበር (ሜዠር ማለት በቁጥር የተሰየመ የአቀባብ ስልት ነው)፣ በ1945 ጃፓኖች እጅ መስጠታቸውን ላይዋ ሲፈርሙ ግን ሜዠር 22 ሆናለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው።

ከዛ መመሪያውን ፈልጉ። የአሜሪካ ባህር ኃይል ሺፕስ-2 የሚባል የአቀባብ መመሪያ ነበረው፣ በ1941 ወጥቶ ደጋግሞ ስለተሻሻለ ከቀናችሁ ጋር የሚሄደውን እትም ያዙ። ለምሳሌ ሜዠር 22 ከታች ኔቪ ብሉ (ደማቅ ጥቁር ሰማያዊ) ከላይ ሄዝ ግሬይ (ፈዘዝ ያለ ግራጫ) ነው፣ ከሩቅ ለሚያይ ታችኛው ከባህሩ ላይኛው ከአድማሱ ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ።

አሁን ዋናው ጣጣ። ቀለሙ የሚበጠበጠው ነጭ ቤዝ (መነሻ ቀለም) ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ማቅለሚያ እየተጨመረ ነበር፣ ትንሽ ሲገባ ሄዝ ግሬይ ብዙ ሲገባ ኔቪ ብሉ ይሆናል። 1945 መጀመሪያ ላይ ግን የሰማያዊው ፒግመንት (የማቅለሚያው ዱቄት) እጥረት መጣና ወደ ደረቅ ግራጫ ዞሩ፣ ሄዝ ግሬይም ስሙ እንዳለ ሆኖ ሰማያዊነቱን አጣ። የኩዊንሲው ስብሰባ ደግሞ ልክ በዚህ ሰሞን ነው እንግዲህ! ትእዛዝ ወጣ ማለት በማግስቱ ተቀባች ማለትም አይደለም፣ መርከቧ መጀመሪያ ፋታ ማግኘት አለባት፣ ስለዚህ መቼ እንደተቀባች የሚያሳይ ወረቀት ካልያዛችሁ ስሙን ብቻ አትመኑ።

ፎቶና ወረቀቱ ያለው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ናሽናል አርካይቭስ ነው። የባህር ኃይሉ የመርከብ ቢሮ ዶክመንት ሬኮርድ ግሩፕ 19 የሚባለው የሰነድ ምድብ ውስጥ ነው፣ የተወሰነው ኦንላይንም አለ። ፎቶ ስታዩ የፊልሙን አይነት አትርሱ፣ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይን ስለማያይ ቀዩን አጥቁሮ ሰማያዊውን አንጥቶ ያወጣዋል። ከለር ፎቶ ብታገኙም ስካን ሲደረግ ቀለሙ ይዛባል፣ ከስክሪን ላይ ቀለም መርጣችሁ "ይሄ ነው" እንዳትሉ።

እውነተኛ የቀለም ቅራፊ እጃችሁ ከገባ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ጨለማ ውስጥ የኖረ የዘይት ቀለም ደግሞ ቢጫ ይላል፣ ሰማያዊው አረንጓዴ መስሎ ይታያችኋል። መንሰል ከሚባለው፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር ካለው የቀለም ካርድ ጋር አስጠግታችሁ በቀን ብርሃን፣ መስኮት ስር አወዳድሩ። እኔ አንዴ ማታ በአምፖል አይቼ የጻፍኩትን ቁጥር ጠዋት ሙሉ በሙሉ ሰርዤዋለሁ።