ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ

የደሴ ብርድ ሲጠና ልጅ የሚተኛው ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ ይዞ ነው። እኛም ቤት እንደዚያ ነበር፤ ስኳሩ ግን ጥርስ ያበሰብሳል። ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ ይቺን ዛሬውኑ ሞክሯት።

ልጁን ጭናችሁ ላይ አንጋሉት፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሩና የላይኛውን ከንፈሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። የፊት ጥርሶቹን ከድዱ ጋር በሚገናኙበት በኩል በንጹህ ጨርቅ አድርቃችሁ እዩ። ኖራ የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ መስመር ካለ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። አብሽሩ! ጥርሱ ገና ስላልተቦረቦረ በፍሎራይድ (ጥርስ የሚያጠነክር፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባ ማዕድን) ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ከሆነ ወይም ከተቦረቦረ ግን ሳያመው በፊት ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት። የእኔዋን ያየሁላት በሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ስፈትግ ነበር።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» የሚሉ አይጠፉም። መውደቁስ ይወድቃል፣ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ደግሞ በ6 ዓመት ገደማ ምንም ሳይወድቅ ከኋላ ብቅ የሚለው መንጋጋ ቋሚ ነው፤ ብዙ ሰው የወተት እየመሰለው ይሸወዳል።

የጥርስ ሳሙና ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ፍሎራይዱ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ppm፣ የመጠኑ መለኪያ) ይሁን። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች። ጠዋትና ማታ እናንተው ቦርሹለት። አረፋውን ይትፋው እንጂ በውሃ አያጉመጥምጡት፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ከማታው ቡረሻ በኋላ ጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ።