አንዲት ሞለኪውል ብረት ላይ እንዴት ነው የምትንቀሳቀሰው?

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የማስጠናቸው ልጆች «በአይን የማትታይ ሞለኪውል እንዴት ብለው ነው አንዷን ለይተው የሚወስዷት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አሰራሩን ከነደረጃው ልጻፈው ብዬ ነው።

መሳሪያው ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ነው (በቀጭን መርፌ የብረት ፊት እያሰሰ አቶሞችን የሚያሳይ)፣ ፊዚሲስቶቹ ቢኒግና ሮረር ዙሪክ ባለው የአይቢኤም ኩባንያ ላብራቶሪ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. ሰርተውት በ1986 ኖቤል የተሸለሙበት።

መጀመሪያ ብረቱን ማዘጋጀት። የመዳብ፣ የብር ወይ የወርቅ ክሪስታል ቫክዩም (አየር የሌለበት ክፍል) ውስጥ ይገባና በአርጎን አዮን (ቻርጅ ባላቸው የአርጎን ጋዝ አቶሞች) ይደበደባል፣ ከዛ ይሞቃል፣ ፊቱ ጠርቶ እስኪስተካከል ይደጋገማል። የብረቱ ምርጫ ቀላል እንዳይመስላችሁ! አንዲት የኮባልት አቶም ፕላቲነም ላይ ለማንቀሳቀስ 210 ፒኮኒውተን (የኒውተን ትሪሊዮንኛ) ኃይል ሲፈጅ መዳብ ላይ 17 ብቻ እንደሚበቃ በ2008 እ.ኤ.አ. ተለክቷል።

ቀጥሎ በሊኩዊድ ሂሊየም እስከ -269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ማቀዝቀዝ ነው፣ ካለዚያ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች በራሳቸው ይንከራተታሉ ወይ ተነስተው ይሄዳሉ። ከዛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በጣም ትንሽ ይለቀቅበታል፣ የምናንቀሳቅሳት ሞለኪውል ከእሱ ናት።

አሁን ማየት። የቱንግስተን መርፌ ብረቱን ሳይነካ ከ1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ባነሰ ርቀት ይጠጋል፣ ትንሽ ቮልት ሲሰጠው ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ይሻገራሉ፣ ርቀቱ በ0.1 ናኖሜትር ብቻ ሲጠብ ከረንቱ 10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሁሉም ነገር የቆመው እዚህች ላይ ነው፣ ልጆች እቺን ከያዛችሁ ሌላው ይገባችኋል። መርፌው መስመር በመስመር ሲያስስ ምስሉ ይወጣል።

ማንቀሳቀሱ ጋ ስንመጣ፣ መርፌውን የመረጣችኋት ሞለኪውል አናት ላይ ታደርጉና የሚፈለገውን ከረንት ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ማሽኑ ያን ከረንት ለማግኘት ሲል መርፌውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያኔ በጫፉና በሞለኪውሏ መሀል ያለው ኃይል ይበረታል። ከዛ በዝግታ ወደ ጎን መሄድ ነው። ጊደር በገመድ እንደመሳብ ነው፣ ገመዱ ሲወጠር ተከትላችሁ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ግን መሳቡ ቀርቶ ከኋላ መግፋት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የመርፌው ከፍታ ግራፍ ይናገራል፤ ስትሳብ ከአንዱ የአቶም ቦታ ወደ ሌላው ስለምትዘል ግራፉ በእኩል ርቀት እየዘለለ ይሄዳል፣ መዳብ ላይ የጎረቤት አቶሞች ርቀት 0.255 ናኖሜትር ነው። የፈለጋችሁት ቦታ ስትደርስ ከረንቱን መልሳችሁ ትቀንሳላችሁ፣ መርፌው ይነሳል፣ እሷ እዛው ትቀራለች። እንደገና አስሳችሁ መድረሷን ታያላችሁ። የአይቢኤም ተመራማሪ ዶን አይግለር በ1989 እ.ኤ.አ. 35 የዜኖን አቶሞች ኒኬል ላይ ደርድሮ የአይቢኤምን ስም የጻፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ባህር ዳርም ማርቆስም ሆናችሁ ላፕቶፕ ካላችሁ ግዊዲዮን የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑና የዚህን ማይክሮስኮፕ ዳታ ከፍታችሁ የአቶሞቹን ርቀት ራሳችሁ ለኩ፣ ዛሬውኑ መጀመር የሚቻለው ከእሱ ነው።