አነስተኛ ነጋዴ ከጉቦ ለመራቅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ ከከፈትሁ ጀምሮ ስለ ጉቦ ሲወራ የምሰማው «እገሌ ሌባ ነው፣ እገሌ እግዚአብሔርን ይፈራል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ያው ነጋዴ ዋጋው ተለጥፎ ደረሰኝ በሚቆረጥበት መስኮት የታዘዘውን ብቻ ከፍሎ ይወጣል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ግምት በሚወሰንበት ክፍል ግን እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። የተለወጠው አሠራሩ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያለ መዝገብ መነገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ገቢው 500,000 ብር ያልደረሰውን የደረጃ «ሐ» ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አላስገደደውም ነበር። እፎይታ መስሎን ተቀበልነው። መዝገብ የሌለው ሰው ግን ገቢው በገማች ዓይን ይለካል፤ በ2009 ክረምት የዕለት ገቢ ግምት ሲነገር በብዙ ከተሞች ሱቅ ያዘጋው ቁጣም ከዚሁ የመጣ ነው። ከመንዝ ባና እያመጣ የሚሸጥ ጎረቤቴ የገበያ ቀን ሽያጩ የዓመቱ ሁሉ ሽያጭ ተደርጎ ተገመተበት። የሚያሳየው ወረቀት ስላልነበረው «እንስማማ» ሲባል እሺ አለ። አልፈርድበትም። የየዕለቱ ሽያጭ፣ ኪራይና መጓጓዣ የተጻፈበት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ቢኖረው ግን መከራከሪያ ይሆነው ነበር።

ሌላው ታኅሣሥን መጠበቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እኛ ግን ለገና ገበያ ስንሯሯጥ ቆይተን በመጨረሻው ሳምንት እንሰለፋለን፤ ሰልፉ ሲረዝም ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባዮች ዋጋቸውን ያወጣሉ። ጥቅምት ላይ የሚፈልጋቸው የለም።

ቅሬታን በቃል ማቅረብም አይጠቅምም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔን መቃወሚያው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ በደጅ ጥናት ያልቃል።

«እኔ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» የሚለውም አያድንም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ሰጪንም ይቀጣል።

የመጨረሻው ስህተት እያንዳንዳችን ለብቻችን መንሾካሾካችን ነው። ዘንድሮ ዘጠኝ ጎረቤታሞች የግምቱ መስፈርት በግድግዳ ላይ እንዲለጠፍልን ፈርመን ጠይቀናል። ደብዳቤው ገቢ የሆነበትን ቁጥር ከነቀኑ በሽያጭ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ።