ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የጨዋታ ጊዜን እንዴት ማመቻቸት ይቻላል?

ጨዋታ ከትምህርት የሚተርፍ ሰዓት መሙያ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል። በዚህ ዕድሜ ልጅ አብዝቶ የሚማረው በመጫወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት አድርጎታል።

በመጀመሪያ ሰፋ ያለና የማይቋረጥ ጊዜ ይመድቡ። ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ እናት፣ ሐኪም ወይም ሾፌር ማን እንደሚሆን ተከራክረው እስኪስማሙ ብቻ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። ያ ክርክር ራሱ የቋንቋ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ዕቃ ያቅርቡ። የእንጨት ብሎክ፣ ባዶ ካርቶን፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ አሸዋና ውሃ ይበቃሉ። ቁልፉ ሲጫኑት ብቻውን ከሚዘፍን መጫወቻ ይልቅ ልጁ እንደፈለገ የሚለውጠው ነገር ይሻላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አብሮ ካለ ጉሮሮ የሚያንቁ ትናንሽ ነገሮችን ያርቁ፤ ውሃ ባለበትም ለአፍታ እንኳ ዞር አይበሉ።

ሦስተኛውና ከባዱ እጅን መሰብሰብ ነው። ልጅቷ ሰፊውን ብሎክ በጠባቡ ላይ ታቆማለች፤ ይወድቃል። ትደግመዋለች፤ አሁንም ይወድቃል። እዚህ ላይ ይታገሡ። ብሎኩን አገላብጣ አይታ ሰፊውን ከታች ስታደርገው ሚዛን ምን እንደሆነ በገዛ እጇ አወቀች። ቀድመው ቢያሳዩዋት ኖሮ ግን የምትማረው መልሱ ያለው አዋቂ ዘንድ መሆኑን ነበር።

ሲያናግሯት «ቀለሙ ምንድን ነው?» እያሉ አይፈትኗት። «ሰፊውን ከታች አደረግሽው፤ አሁን ምን ልትጨምሪበት ነው?» ይበሏት። እንጨት ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ሃሎ» ስትል ደግሞ ስልኩን ተቀብለው ያናግሩ። እንጨት ስልክን እንደሚወክል የገባት ልጅ፣ ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ለመረዳት መንገድ ጀምራለች።

ሩጫና ዝላይንም አይርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60ው ደቂቃ ጠንከር ያለ እንዲሆን ይመክራል፤ ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥም ያሳስባል።

ጨዋታውን ከመዝጋትዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይንገሯቸው። ያልተጨረሰ ግንባታ ካለም ቦታ እስካለ ድረስ አያፍርሱት፤ በማግስቱ ይቀጥሉበታል።