የተሞላ የድሮን ባትሪ ድንገት «አነሰ» ሲል፦ ደሴ ላይ ምክንያቱን እንዴት እንለያለን?

ታኅሣሥ ላይ፣ ደሴ ውስጥ፣ ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ድሮን ያስነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባትሪው ተሞልቶ አድሯል፤ ስክሪኑ 100 በመቶ ይላል። ድሮኑ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ሪሞቱ ይጮሃል። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ባትሪው አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በማግስቱ ማለዳ እንደዚያው ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

በቅድሚያ ድሮኑን አሳርፉ፤ ምክንያቱ የሚፈለገው መሬት ላይ ነው። ስትመልሱት አታጣድፉት። ፍጥነትና ሽቅብ መውጣት ከባትሪው ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስቡ ቮልቱን ይብሱን ያወርዱታል።

ካረፈ በኋላ ማስጠንቀቂያው የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ድሮኑ፣ ሪሞቱና ስልኩ የየራሳቸው ባትሪ አላቸው። የሪሞቱ ባትሪ አልቆ ሳለ ድሮኑን መጠርጠር ቀላል ነው።

ማስጠንቀቂያው የድሮኑ ከሆነ ጽሑፉን በጥሞና አንብቡ። አንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ከተወሰነ በመቶ በታች ሲወርድ የሚመጣ ነው። ሌላው ግን የቀረው ኃይል ወደ መነሻው ለመመለስ ብቻ እንደሚበቃ ድሮኑ አስልቶ የሚናገረው ነው፤ ይህ 40 በመቶ እያለም ሊመጣ ይችላል፤ ብልሽት አይደለም። ነፋስ ከኋላ እየገፋው ርቆ የሄደ ድሮን ሲመለስ ያንኑ ነፋስ መጋፈጥ አለበት። ስለዚህ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበሉት፤ ስትመለሱ ያግዛችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ፣ ወደ ቅዝቃዜው እንምጣ። የሊቲየም ባትሪ ሲበርድ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ ኃይል በቶሎ መስጠት ያቅተዋል። ሞተሮቹ ብርቱ ኃይል ሲጠይቁት ቮልቱ በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል፤ ድሮኑም ባትሪው ያለቀ ይመስለዋል። ኃይሉ ግን አልጠፋም። ማስጠንቀቂያው ሽቅብ ሲወጣ መጥቶ ድሮኑ ሲረጋጋ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ያው ባትሪ እኩለ ቀን ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ፣ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ባትሪዎቹን መኪና ውስጥ አታሳድሩ። ወደ ቀረጻው ቦታ ስትሄዱ ከጋቢያችሁ ሥር ያዟቸው፤ እሳት ዳር ግን ፈጽሞ አታስጠጓቸው። ድሮኑን ካስነሣችሁ በኋላ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አቁሙት። ስልካችሁ ላይ ያለው የድሮኑ መተግበሪያ የባትሪውን ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ 20 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ታገሡ።

ከቅዝቃዜው ጋር ከፍታው ይደመራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥነው መሽከርከር አለባቸው፤ ይህም ባትሪ ይበላል። በካርቶኑ ላይ የታተመው የበረራ ደቂቃ ነፋስ በሌለበት የተለካ ነውና እዚህ አትጠብቁት። ጥሩ መፈተኛ አለን፦ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ያንኑ ባትሪ ኮምቦልቻ ላይ ሞክሩት። ከተማዋ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። የአውሮፕላን ማረፊያ ስላላት ግን ከዚያ ርቃችሁ፣ የበረራ ፈቃዳችሁንም ይዛችሁ ይሁን።

ኮምቦልቻም ላይ ከጮኸ ባትሪውን ራሱን መርምሩ። ብረት ማገናኛዎቹን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፤ የተጎዳ ፕሮፔለር ካለ ለውጡ። ከዚያ ድሮኑን ዝቅ አድርጋችሁ እያቆማችሁ በመተግበሪያው ላይ የእያንዳንዱን ሴል (ባትሪው በውስጡ ከያዛቸው ትንንሽ ባትሪዎች የእያንዳንዱን) ቮልት ተመልከቱ። በአብዛኞቹ ባትሪዎች የተሞላ ሴል 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሴሎች አብረው ይወርዳሉ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በ0.1 ቮልትና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ወደ ኋላ ከቀረ ባትሪው አርጅቷል።

ሴሎቹ እኩል ከሆኑና በመቶው ብቻ ከ50 ወደ 20 የሚዘል ከሆነ የተዛባው ቆጣሪው ሊሆን ይችላል። መብራት እየሄደና እየመጣ በቁርጥራጭ የሞላ ባትሪ ላይ ይህ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ሙሉት፤ ዝቅ ብላችሁ በዝግታ እስከ 15 በመቶ አብርሩት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና እስከ ጫፍ ሙሉት። ባለፈው ሳምንት የሞላ ባትሪ ዛሬም ሙሉ ነው ብላችሁም አትነሡ። ብዙዎቹ ለተወሰኑ ቀናት ሳይነኩ ሲቀሩ ለደኅንነታቸው ሲሉ ራሳቸው ኃይላቸውን ይቀንሳሉ።

በመጨረሻም ባትሪውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሆዱ አብጦ የሚወዛወዝ ከሆነ ዳግም አይሞላ፣ አይበር፣ አይበሳ። ከቤት ውጭ፣ አሸዋ በያዘ የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።