በደሴና በኮምቦልቻ ሆኖ የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ማስተርስ መማር፦ ከማመልከቻ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

በሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠያይቀው የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከእሱ እኩል፣ ምናልባትም ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በየትኛው መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እንደሚሠራ ነው። ይህ ትምህርት ያለ ሠራተኛ መረጃ ወደፊት አይራመድም፤ ኮርሶቹን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪም በሩን የሚከፍትለት ድርጅት ካጣ ሁለተኛው ዓመት ያልቅበታል።

ዘርፉ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ኢንዱስትሪያልና ኦርጋናይዜሽናል ሳይኮሎጂ እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ የሠራተኛ ምልመላንና መረጣን፣ ሥልጠናን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናን፣ ተነሳሽነትን፣ አመራርን፣ የሥራ ጫናንና ከጫና የሚመጣውን መዛል ያጠናል። ሰውን ለብቻው አስቀምጦ ማነጋገርና ማማከር የሚወድ ሰው ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ይሻለዋል፤ እዚህ ዋናው ሥራ የብዙ ሰዎችን ምላሽ ሰብስቦ መለካት ነውና። ከሰው ሀብት አስተዳደርም ይለያል። የሰው ሀብት ባለሙያው መመሪያውን ተከትሎ ሲቀጥር፣ የዚህ ዘርፍ ባለሙያ ደግሞ የቅጥር ፈተናው ጎበዙን ሠራተኛ ከደካማው በእርግጥ ይለይ እንደሆነ በቁጥር ይፈትሻል። ስለዚህ ቁጥር የሚሸሽ ሰው ከማመልከቱ በፊት ቆም ብሎ ቢያስብበት መልካም ነው።

ማመልከቻው ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ትምህርት ሚኒስቴር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብዎታል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቁበት ተቋም እስኪላክ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ያልተጠናቀቀ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይም ካለ ይህንኑ ስለሚያጓትት፣ የጥሪ ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ቀድመው ይጨርሱት። በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የሚፈልጉት ፕሮግራም በዚያ ዓመት መከፈቱን ከሬጅስትራር ይጠይቁ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠው ዕውቅና ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን ሳያረጋግጡ ክፍያ አይፈጽሙ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለብዎት ለስታቲስቲክስ ነው። የንድፈ ሐሳብ ኮርሶችን ዘግይቶም ቢሆን አንብቦ መድረስ ይቻላል፤ ኮሪሌሽንና ሪግሬሽን (በነገሮች መካከል ያለን ዝምድና የሚለኩ ስሌቶች) ሳይገባው የቀረ ተማሪ ግን ፕሮፖዛሉን የሚጽፈው ከሌላ ሰው ጽሑፍ እየገለበጠ ይሆናል። ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አዝራር በመጫን ብቻ ማወቅ በቂ አይደለም። ንድፈ ሐሳብ ሲያነቡም አንድ የሚያውቁትን ሥራ አጠገቡ ያስቀምጡ። ለምሳሌ ሮበርት ካራሴክ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባቀረበው ሞዴል መሠረት፣ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ከፍተኛ ጫና በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት ከማጣት ጋር ሲገናኝ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ በየሰዓቱ የሚጠበቅባት ቁጥር ፊት ለፊቷ ተለጥፎ፣ የማሽኗን ፍጥነትም ሆነ የዕረፍቷን ሰዓት ራሷ የማትወስን ኦፕሬተርንና፣ በሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆና ጫናው ቢበዛባትም የትኛውን ታካሚ አስቀድማ እንደምታይ የምትወስን ነርስን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያስቡ፣ ሞዴሉ ያለ ሽምደዳ ይገባዎታል።

በዚህ ረገድ አካባቢው የታደለ ነው። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከእሱም በፊት የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሉ፤ ደሴ ደግሞ ሆስፒታሎቹ፣ ባንኮቹና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ አሉ። ከትምህርት ክፍልዎ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ የግድ ነው፤ ደብዳቤው ብቻውን ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ሊቀር ይችላል። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት የሰው ሀብት ኃላፊውን በአካል አግኝተው፣ ድርጅቱን የሚያስጨንቀው ሠራተኛ መልቀቁ፣ መቅረቱ ወይስ የሥራ ላይ ጉዳት መሆኑን ይጠይቁ። ርዕስዎ ከዚያ ጭንቀት ጋር ከተገናኘ ፈቃድ የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ እሱንም አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ጥናቱ የአሠሪው ስለላ መስሎ ከታየ መላሽ አያገኙም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም አንብበው ይሂዱ። መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራው በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ሳያውቁ ስለ ሥራ ጫና መጠይቅ ማዘጋጀት አያስኬድም።

መጠይቁ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ያሳልፉ፤ እንደ እኔ አመለካከት ጥሩው ጥናት ከደካማው የሚለየው እዚህ ነው። መጠይቁን በአለቃ በኩል ማስበተን የተለመደ ነው፤ ከመለመዱም የተነሳ ስህተት መሆኑ ይዘነጋል። ሱፐርቫይዘሩ አጠገቧ ቆሞ ሳለ «የቅርብ አለቃዬ ያከብረኛል» የሚለው ላይ «በጣም አልስማማም» የምትል ሠራተኛ አትኖርም። ራስዎ ያድሉ፤ ተሞልቶ በታሸገ ፖስታ ይመለስልዎት። ስም አለመጻፍም ብቻውን ማንነትን አይሸሽግም፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ክፍል አንድ ላይ ከተጠየቁና በክፍሉ ዲግሪ ያላት ሴት አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ማን እንደሆነች ታውቋል። የማይጠቀሙበትን የግል መረጃ ከመጀመሪያውም አይጠይቁ።

ከፈረቃ የወጣ ሰው ሰማንያ ጥያቄ በእርጋታ አይሞላም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም መልስ «3» ሆኖ ያገኙታል። በጥቂት ሠራተኞች ላይ አስቀድመው ሲሞክሩት ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው የክሮንባክ አልፋ ቁጥር ከተለመደው 0.70 እጅግ ዝቅ ካለ፣ ጥያቄ ከመሰረዝዎ በፊት እንደ «ይህን ሥራ ብለቅ ደስ ይለኛል» ያሉትን በተቃራኒ የተጻፉ ጥያቄዎች ነጥብ ገልብጠው እንደሆነ ይመልከቱ። የናሙና ብዛትን በተመለከተ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ናሙናን ከጠቅላላው ሠራተኛ ቁጥር የሚያሰላው የያማኔ ቀመር አይታጣም፤ 800 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 267 ሰው ይሰጣል። ቀመሩ ግን የሚነግርዎት ምጣኔን (ለምሳሌ ስንት በመቶው ሠራተኛ በአንድ ነገር እንደሚስማማ) ለመገመት ስንት ሰው እንደሚበቃ እንጂ በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ደካማ ዝምድና ለማየት ስንት እንደሚያስፈልግ አይደለም። ይህን ልዩነት ማስረዳት የቻለ ተማሪ ዲፌንስ ላይ ብዙ አይጨነቅም።

የድርጅት መዝገብ የሚጠቀም ደግሞ የ2014ን ቁጥሮች ለብቻ ማየት አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ ከዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል፤ ወዲያውም በታኅሣሥ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምትልክበት የአጎዋ ዕድል ቆሟል። በዚያ ጊዜ ከመዝገብ የጠፋን ሠራተኛ «ለድርጅቱ ያለው ታማኝነት ዝቅተኛ ነው» ብሎ መተንተን ስህተት ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው። ስለዚያ ጊዜ ሠራተኞችን የሚጠይቁ ከሆነ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይዘው፣ መልስ ሰጪው ቢረበሽ ወዴት እንደሚልኩት አስቀድመው አዘጋጅተው መሆን አለበት።

እየሠሩ ለሚማሩ የቅዳሜና እሁዱ መርሐ ግብር ይመቻል፤ ሆኖም ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ መረጃ የሚሰበስብ ሰው በሐረጎ መንገድ ያለውን የክረምት ጉም ማሰብና ስብስቡን ከክረምት ውጪ ማድረግ ይኖርበታል። አማካሪዎን በባዶ እጅ አያግኙ፤ ሁለት ገጽም ቢሆን የተጻፈ ነገር ይዘው ይሂዱ፣ የተሰጠዎትንም አስተያየት በጽሑፍ ያስቀሩ።

ለድርጅቱ ቃል የገቡትን ውጤት በአንድ ገጽ አማርኛ ያዘጋጁ፤ አስተዳደሩ የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉውን አያነብምና። መላሾቹ ከ10 ያነሱበትን የሥራ ክፍል ለብቻው ሳያሳዩ ከሌላ ክፍል ጋር ያጣምሩት፤ ገጹንም ለሥራ አስኪያጁና ለሠራተኛ ማኅበሩ በአንድ ቀን ይስጡ።